ያዞረው ሰው ይተኛ?

ብልባላ ከላሊበላ በስተሰሜን ናት። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው። እዚያ እግር ከከዳ ወድቆ መነሳት ብቻ አይደለም ነገሩ፤ ገደል አለ። ስለዚህ ሽማግሌው "አዞረኝ" ካሉ ቤተሰቡ የሚለው አንድ ነው፦ "አርፈው ይተኙ!" ብርድ ነው የሚል አለ፣ ደም ማነስ ነው የሚል አለ፣ ቡዳም አይቀርም። ጠበል ይኬዳል። በብልባላ ጊዮርጊስ ግድግዳ ውስጥ ያሉት ንቦች የሚሠሩት ማርም ፈዋሽ ነው ተብሎ ይፈለጋል። በእምነቱ ላይ ቃል የለኝም። የኔ ጠብ "ይተኙ" ከምትለው ጋር ነው።

ይህችን ቃል ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ብለዋታል። የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ የታካሚዎቹን ጆሮ ሲያጥብ ውሃው ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ እንደሚያዞራቸው አስተዋለ። የሚዛናችን አንዱ ዳኛ ውስጠኛው ጆሮ ነውና። ለዚህ ሥራው የ1914 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው፣ ጉድ በሉ፣ ሰውዬው የሩሲያ ምርኮኛ ነበር! ሕመሙ እንዲህ ታወቀ፤ ሕክምናው ግን ሌላ ጦርነት ጠበቀ።

በፈረንጆች 1940ዎቹ ለንደን ላይ የጆሮ ሐኪሙ ካውቶርንና ባልደረባው ኩክሲ፣ ጭንቅላታቸው ከተጎዳ ታካሚዎች መካከል ከተኙት ይልቅ የተንቀሳቀሱት ቶሎ እንደሚሻላቸው አዩ። እናም እያዞራቸው አሠሯቸው። መጀመሪያ አልጋ ላይ ሆኖ ዓይንን ወዲያ ወዲህ፣ ከዚያ ራስን፣ ቀጥሎ ቁጭ ብድግ፣ ኳስ መወርወር፣ በመጨረሻ ዳገት መውጣትና መውረድ። (ዳገቱን እንኳ ላስታ አይቸግራትም።) ከጆሮ የሚመጣው መልእክት ሲዛባ አንጎል ከዓይንና ከእግር የሚያገኘውን ጨምሮ ሚዛኑን እንደገና ይማራል። ካልተንቀሳቀሱለት ከምን ይማር?

እኛ ዘንድ መቆም ራሱ ትምህርት ነው፤ አቋቋም ይባላል፤ ምስክሩም ጎንደር በአታ ነው። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲው ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል። ዝማሜ መድኃኒት ነው አልልም፤ ግን ሌሊቱን በመቋሚያ ቆሞ ለሚያድር ሕዝብ ይህ ሕክምና ባዕድ መሆን አልነበረበትም።

እርግጥ ከማዞሩ ጋር አፍ ከተጣመመ፣ ምላስ ከተሳሰረ ወይም እጅ ከዛለ ጊዜ የለም፤ ሆስፒታል ነው። ደም ግፊትም ደም ማነስም ይታይ። ሐኪም "ከጆሮ ነው" ካለ ግን ሽማግሌውን አልጋ ላይ ማስቀረት ገበያውንም፣ ቅዳሴውንም፣ እድሩንም መንሳት ነው፤ በዚያ ላይ ጉልበታቸውም ይሟሽሻል። በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ይዘው፣ ከገደሉ ራቅ ባለው ደልዳላ ቦታ ዛሬውኑ ይጀምሩ።