ጫጩትን ያለ እናት ማሳደግ፦ ከከፋ የጓሮ ዶሮ ታሪክ

ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል የሆነው የከፋ ዞን፣ በተለይም ዋና ከተማው ቦንጋና አካባቢዋ፣ በቡናው፣ በእንሰቱና በደኑ ብዙ ተጽፎለታል፤ በየቤቱ ጓሮ የኖረችው ዶሮ ግን በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ከስም ያለፈ ቦታ አግኝታ አታውቅም። ይሁንና ዶሮ ለኢትዮጵያ አዲስ እንስሳ አይደለችም፤ በትግራይ መዝበር በተባለው ሥፍራ በተደረገ የመሬት ቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመታት ባለው ዘመን የሚመደብ ሲሆን፣ በአፍሪካ ቀንድ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ማስረጃዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል።

በአገሬው ልማድ ጫጩትን የማሳደግ ሥራ በአብዛኛው ለእናት ዶሮ የተተወ ነበር። ዶሮዋ እንቁላል መጣሏን አቁማ ጎጆዋን የሙጥኝ ስትል የቤቱ እመቤት በሸክላ ዕቃ ወይም በቅርጫት ውስጥ ገለባ ትጎዘጉዝና ከ10 የማያንሱ እንቁላሎች ታስታቅፋታለች፤ ከ21 ቀን ያህል በኋላ የተፈለፈሉትን ጫጩቶች የምታሞቀው፣ ምግብ መጫርን የምታስተምረውና ጭላት ሲያንዣብብ በክንፏ የምትሸፍነው እናቲቱ ራሷ ናት። ሌሊት ዶሮዎቹ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያድሩ፣ የምድጃው እሳት ጫጩቶቹን ከብርድ፣ የቤቱ ግድግዳ ደግሞ ከሸለምጥማጥ ይጠብቃቸዋል። ሥርዓቱ ወጪ የማይጠይቅ ቢሆንም ኪሳራው ከባድ ነበር፤ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ገጠሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ሁለት ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ለዚህም ነው እናት ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ60 እምብዛም ባይበልጥ እንኳ ከፊሉ ሁልጊዜ ለመታቀፍ የሚቀመጠው።

ይህን ሁሉ ሥራ የያዙት ሴቶች መሆናቸው ሊሰመርበት ይገባል፤ ምክንያቱም ስለ ቀድሞው የከፋ መንግሥት የጻፉ ምሁራን በዚያ ዘመን ሴቶች የዶሮ ሥጋ እንዳይበሉ ይከለከሉ እንደነበር መዝግበዋል። እንቁላሉን የምትቆጥረው፣ የታመመችውን ጫጩት ለይታ ከምድጃው አጠገብ የምታኖረው፣ የሚያነባ ዓይኗን የምትጠርገው ሴት ከድካሟ ፍሬ እንድትርቅ መደረጓ፣ የጫጩት አጠባበቅ ዕውቀት ከወንዶች ወግና ከተጻፈው ታሪክ ውጪ ለምን እንደቀረ በከፊል ያስረዳል።

ከፋ ዝናብ ከዓመቱ ወራት አብዛኛውን የማይለየው አገር ስለሆነ የጫጩት ዋና ጠላት ብርድ ብቻ ሳይሆን እርጥበትም ነው። በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ በፍጥነት የሚዛመተው ኮክሲዲዮሲስ፣ ማለትም በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው የአንጀት በሽታ፣ በተለይ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ጫጩቶችን ይጎዳል፤ ምልክቱም ደም የተቀላቀለበት ኩስ፣ የላባ መቆም፣ መኮማተርና ምግብ መተው ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሕዝቡ ፈንግል የሚለው፣ በሳይንሱ ቋንቋ የኒውካስል በሽታ የሚባለው ነው፤ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የክንፍ መውደቅ፣ የትንፋሽ ማጠርና የአንገት መጠምዘዝ ያሳያል፤ ክትባት ባላገኙ ዶሮዎች ላይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። ባለዶሮዎች ሞቱን ሲያዩ የቀሩትን ፈጥነው ወደ ገበያ ማውጣታቸው ከችግር የመነጨ ነው፤ በሽታው ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚዛመተውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው።

ይህ የኖረ ሥርዓት እንዲለወጥ መነሻ የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የመጣው የውጭ ዝርያ ነው። ዛሬ በኦሮሚያ ክልል የምትገኘው ጅማ በዚያ ጊዜ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ የኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ ድጋፍ የተከፈተው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ከዓለማያ ኮሌጅ ጋር ሮድ አይላንድ ሬድና ዋይት ሌግሆርን የመሰሉ ዶሮዎች በ1950ዎቹ ወደ አገሪቱ ከገቡባቸው የመጀመሪያ ተቋማት አንዱ ሆነ። አዲሶቹ ዶሮዎች እንቁላል በብዛት እንዲጥሉ ተመርጠው የተዳቀሉ በመሆናቸው የመታቀፍ ጠባያቸው በእጅጉ የተዳከመ ነበር፤ በተለይ ሌግሆርን ከቶ አትታቀፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለገበሬው የደረሰው ዝርያ እናት የሌለው ጫጩት ነበር፤ እናቲቱ ትሠራው የነበረውን ሥራ የሚተካው ዕውቀት ግን ከዝርያው ጋር እኩል አልተሠራጨም፤ የብዙዎቹ የሥርጭት ጥረቶች ድክመት ከምንም በላይ ከዚህ የመነጨ ይመስላል።

እናትን መተካት ማለት በመጀመሪያ ሙቀትን መተካት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ጠባያቸው ራሱ ይናገራል፦ ተደራርበው የሚጮኹት በርዷቸዋል፣ ከሙቀቱ ርቀው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩት ሞቋቸዋል፣ ተበታትነው በጸጥታ የሚመገቡት ደህና ናቸው። ፊንጢጣቸው በኩስ የተለጠፈ፣ ዓይናቸውን የጨፈኑና ክንፋቸውን የጣሉ ጫጩቶች ሳይውል ሳያድር ከሌሎቹ ሊለዩ ይገባል።

በከፋ ገበሬ ቤት እምብዛም የማይገኘው ዳክዬ ቢመጣ ይኸው ዕውቀት ጥቂት ጭማሪ ብቻ ይፈልጋል። አብዛኛው የዳክዬ ዝርያ 28 ቀን ይታቀፋል፤ ጫጩቱ ዓይኑንና አፍንጫውን የሚያጥብበት ጥልቀት ያለው፣ ግን የማያሰምጠው ውኃ ያሻዋል፤ ናያሲን የተባለው ቫይታሚን ከዶሮ ጫጩት ይበልጥ ስለሚያስፈልገው ሲጎድልበት እግሩ ይዝላል፣ ይጎብጣል። እናት የሌለው የዳክዬ ጫጩት ላባው ውኃን የሚመልስ ቅባት ገና ያልተቀባ በመሆኑ፣ ቀደም ብሎ እንዲዋኝ ከተለቀቀ በስብሶና በርዶት ይሞታል።

ለፈንግል መፍትሔ የሆነው ክትባት እ.ኤ.አ. በ1964 በቢሾፍቱ በተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም በአገር ውስጥ ይመረታል፤ ይሁንና አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀና ከተበጠበጠ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚያልቅ መሆን ስላለበት፣ አሥር ጫጩት ላላት ሴት ብቻዋን ገዝታ መጠቀም አይመችም፤ የሚያዋጣው ጎረቤቶች ዶሮዎቻቸውን በአንድ ቀን ሲያስከትቡ ነው። የሙቀቱን ጥያቄ በተመለከተ ደግሞ የጅማ እርሻ ኮሌጅ (የቀድሞው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት) ተመራማሪዎች በኋላ ዘመን የሣር ሣጥን የሚባለውን ዘዴ በገጠር ቤቶች ፈትነዋል። ይህ ዘዴ ኤሌክትሪክም ከሰልም የማይጠይቅ፣ ዙሪያው በድርቆሽ የተጠቀጠቀ የእንጨት ሣጥን ሲሆን፣ ድርቆሹ የጫጩቶቹ ሰውነት የሚያመነጨው ሙቀት እንዳያመልጥ ይይዘዋል፤ በዝናባማው ከፋ የሚሠራው ግን ድርቆሹ ሲርስ ወዲያው በደረቅ የሚለወጥ ከሆነ ነው።