የዮጋ ተመስጦና የወለጋ «ቃሉ»

ፓታንጃሊ በዮጋ ሱትራ ከዘረዘራቸው 8 ክፍሎች የመጨረሻው ሳማዲ ይባላል። በዚህ ደረጃ አሳቢው ራሱን ይረሳል፤ በልቡናው የሚያበራው የሚያስበው ነገር ብቻ ነው። መንገዱም ጸጥታና ትንፋሽን መግዛት ነው።

በወለጋ ኦሮሞ ዘንድ «ቃሉ» የተባለው የእምነት አባትም ራሱን ይስታል፤ ነገር ግን በገልማው ውስጥ፣ በከበሮና በዜማ መካከል፣ አያና አድሮበት ነው። ሕዝቡም ክርክሩን አቅርቦ ፍርድ ይቀበላል።

ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ገዳ ሲዳከም የቃሉ ሥልጣን እንደ ጎላ አስረድቷል። እንግዲህ ሳማዲ የሚሻው የአንዱን ሰው ነጻነት ሲሆን፣ የቃሉ ሥርዓት የሚጠብቀው የማኅበሩን ሰላም ነው። ሁለቱን «ተመስጦ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ቃሉን ከዳኝነቱ፣ ወለጋንም ከታሪኩ መለየት ይሆናል።