የካንሰር ዕጢ አዲስ የደም ሥር የሚያበቅለው እንዴት ነው? ማስቆምስ ይቻላል?

ማንኛውም የሰውነታችን ሕዋስ ለመኖር ኦክስጅንና ምግብ ያስፈልገዋል። እነዚህን የሚያደርስለት ደም ነው። የካንሰር ሕዋስም እንዲሁ ነው። አንድ ዕጢ በቂ የደም ሥር ካላገኘ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከሚሆን መጠን አልፎ ለማደግ ይቸገራል። ስለዚህ በአቅራቢያው ካሉ የደም ሥሮች አዳዲስ ቅርንጫፎች ወደ እሱ እንዲያድጉ ያደርጋል። ይህ ሂደት አንጂዮጄኔሲስ ይባላል።

ሂደቱ በራሱ በሽታ አይደለም። ቁስል ሲድን እና ፅንስ ሲያድግ ሰውነታችን አዳዲስ የደም ሥሮችን ይሠራል። ሥራው ሲያልቅ ግን ይቆማል። በካንሰር ጊዜ አይቆምም።

እንዴት ይከሰታል?

ዕጢው እያደገ ሲሄድ ኦክስጅን የሚያጥራቸው ሕዋሳት ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ፕሮቲኑ የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ በሚሸፍኑ ሕዋሳት ላይ ሲያርፍ እንዲባዙና ወደ ዕጢው እንዲያድጉ ያዛቸዋል። አዲሶቹ የደም ሥሮች ጠማማና የሚያፈስሱ ናቸው። የካንሰር ሕዋሳትም በእነሱ በኩል ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሊሰራጩ ይችላሉ።

ምርምሩ ምን አስገኘ?

አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን የደም ሥሮቹን እድገት በመግታት ካንሰርን ማከም ይቻላል የሚለውን ሐሳብ በ1971 እ.ኤ.አ. አቀረቡ። ቪኢጂኤፍን የሚያግደው ቤቫሲዙማብ (አቫስቲን) የተባለው መድኃኒት ለተሰራጨ የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በአሜሪካ የተፈቀደው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ለፈቃዱ መሠረት በሆነው ጥናት ኬሞቴራፒ ብቻ የወሰዱ ታካሚዎች አማካይ (ሚዲያን) የሕይወት ዘመን 15.6 ወር ሲሆን መድኃኒቱ የተጨመረላቸው ደግሞ 20.3 ወር ነበር። ሱኒቲኒብና ሶራፌኒብን የመሳሰሉ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም አሉ።

መድኃኒቶቹ ካንሰርን ያድናሉ?

ብዙውን ጊዜ ዕጢው እንዳያድግ ለተወሰነ ጊዜ ይገታሉ እንጂ ጨርሰው አያጠፉትም። ዕጢው ከቪኢጂኤፍ ሌላ ምልክት ሊጠቀም ወይም በነበሩት የደም ሥሮች ላይ ተጠግቶ ሊያድግ ይችላል። ለሁሉም የካንሰር ዓይነትም አይጠቅሙም፤ በአሜሪካ ቤቫሲዙማብ ለጡት ካንሰር ተሰጥቶት የነበረው ፈቃድ በ2011 እ.ኤ.አ. ተሰርዟል።

ሕክምናው «ዕጢን ማስራብ» ቢባልም ከታካሚው አመጋገብ ጋር አይገናኝም። ምግብ መቀነስ መድኃኒቱን አይተካም፤ ታካሚውን ግን ሊያዳክም ይችላል።

የጎንዮሽ ጉዳቶች

• የደም ግፊት መጨመር
• የአፍንጫ ወይም ሌላ ደም መፍሰስ
• ፕሮቲን በሽንት መውጣት
• የቁስል ቶሎ አለመዳን
• የደም መርጋት
• አልፎ አልፎ የአንጀት መበሳት

ቤቫሲዙማብ የሚወስዱ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ከታሰበላቸው መድኃኒቱ ቢያንስ ከ28 ቀን በፊት መቆም አለበት። ጥርስ ከማስነቀልዎ በፊትም ለሐኪምዎ ይንገሩ። መድኃኒቶቹ ፅንስን ሊጎዱ ስለሚችሉ እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ አስቀድመው ያማክሩ።

ወደ ሆስፒታል በፍጥነት መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማይቆም ደም መፍሰስ፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ብርቱ የራስ ምታት፣ ወይም የአንድ ጎን የሰውነት መዛል ካጋጠመዎት ቀጠሮዎን አይጠብቁ።