ጥቁሯ ምድር፦ የዓባይ ደለልና የግብፅ ጥንታዊ ስም

ደለል ወራጅ ውኃ ከደጋ ጠርጎ አምጥቶ ኃይሉ በደከመበት ስፍራ የሚጥለው ደቃቅ አፈር ነው። የጥንት ግብፃውያን አገራቸውን የሰየሙት በዚህ የወንዝ ደለል መልክ ነበር።

ስሙ በዛሬ ሊቃውንት ንባብ «ኬሜት» ይባላል። የጥንቱ ጽሕፈት አናባቢ ስለማያሳይ ይህ አነባበብ የተለመደ ግምት እንጂ የጥንቱ ድምፅ አይደለም፤ ከግብፃውያን ቋንቋ የተወለደው ቅብጥኛ ግን ስሙን «ኬሜ» ወይም «ኬሚ» ብሎ አቆይቶታል። ሥርወ ቃሉ «ጥቁር» ማለት ሲሆን፣ የሚያመለክተውም ጎርፉ የሚደርስበትን፣ የሚታረሰውንና ሰው የሰፈረበትን መሬት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው በረሃ «ደሽሬት» ማለትም ቀይቱ ምድር ይባል ስለነበር፣ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአገሩን መልክ በትክክል ይገልጻሉ።

ያ ጥቁር አፈር በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ነጭ ዓባይ ይዞት የሚመጣውን ደለል በደቡብ ሱዳን ረግረጎች ውስጥ ጥሎ ሲያልፍ፣ ጥቁር ዓባይና ተከዜ ግን በክረምት ዝናብ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተፈጠረውን አፈር ሸርሽረው ይወርዳሉ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የግብፅ አፈር ጥቁርና ተፈርካሽ መሆኑን አስተውሎ ወንዙ ከኢትዮጵያ ያመጣው ደለል እንደሆነ ጽፏል፤ እርሱ በዚህ ስም የጠራው ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ቢሆንም፣ ሐሳቡ ከእውነቱ መቅረቡ የሚያስደንቅ ነው።

የግብፅ ገበሬ የጎርፉን ውኃ በእርከን በታጠሩ ሰፋፊ ማሳዎች ውስጥ ለሳምንታት አቁሮ ደለሉን ካስቀመጠ በኋላ ውኃውን ይለቅና በረጠበው መሬት ላይ ይዘራ ነበር። ከዚያው ጭቃ፣ ጭድ ተቀላቅሎበት፣ በፀሐይ የሚደርቅ ጡብ ይሠራ ነበር። የጡቡ ጥንታዊ ስም በቅብጥኛ «ቶቤ»፣ በዐረብኛ «ጡብ» ሆኖ ከአንደበት ወደ አንደበት ሲተላለፍ፣ እስፓንያውያን «አዶቤ» አሉት፣ አማርኛም «ጡብ» የሚለውን ከዐረብኛው ወሰደ፤ ስለዚህ አፈሩ ወደ ቈላ ሲወርድ የሥራው ቃል ወደ ደጋ ወጥቷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1902 የተመረቀው የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ 180 በሮች ስለነበሩት በጎርፍ ወቅት እየተከፈቱ ደለሉን ያሳልፉ ነበር። በ1970 የተጠናቀቀው ታላቁ የአስዋን ግድብ ግን ደለሉን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን አስቀርቶታል፤ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይገመት የነበረው ጭነት አሁን በአብዛኛው በሱዳንና በግብፅ ኑብያ ከግድቡ በስተጀርባ በተፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ የላይኛው ክፍል ይዘቅጣል፤ ከግድቡ በታች ያለው ገበሬ በፋብሪካ ማዳበሪያ ሲያርስ፣ ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት በራሺድ አጠገብ ደግሞ ባሕሩ የብሱን እየበላ ገብቷል።