ሳልቫጁ ጠመንጃና ባለ እጁ
ሐረር ስንሄድ «ራምቦ ቤት»ን አይተን፣ ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። ገጣሚው ግን የመሣሪያ ነጋዴም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሳልቫጅ ጠመንጃዎች ይዞ መጣ። ለቤተሰቡ እንደጻፈው፣ የአንዱ ዋጋ አውሮፓ ውስጥ 7 ወይም 8 ፍራንክ፣ ሸዋ 40 ገደማ ነበር።

እንዲህ ያለው ጠመንጃ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ ይጎርሳል። እርሳሱ ጥይት የሚሆነው ቀልጦ ፎርማ ውስጥ ሲፈስ ነው። ፎርማውን ከዝገት የጠበቀው ቅባት ሲከርም ይደርቃል፤ ካልጸዳ ጥይቱ ተጨማዶ ይወጣል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ እርጥብ ከቀረ ደግሞ የቀለጠው እርሳስ ተፈናጥሮ ሠሪውን ያቃጥላል።

ይህን ጥበብ የሚያውቀውን ባለ እጅ «ጠይብ» ብለን ሰደብነው። ምኒልክ ስድቡን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ተኳሹን ስናወድስ እሱንም እናንሣው።