ሐይቅ ላይ የሚያድር እንግዳ

እስቲ እህ በሉኝ።

ድሮ ነው አሉ። ዛሬ የሎጎ ሐይቅ ውኃ የተኛበት ቦታ ሰው የሞላበት አገር ነበር። በዚያ አገር አንዲት ነፍሰ ጡር ትኖር ነበር፤ ልዕልቲቱ በደለቻት። በደሉ ምን እንደነበረ ለየተራኪው ልተወው። ፈጣሪ ግን ተቆጣ። ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባትን መሬት ብቻ አስቀርቶ ዙሪያውን ሁሉ ውኃ አደረገው። ልዕልቲቱ ከነወዳጅ ዘመዷ ሰጠመች። የተረፈችው መሬት ደሴት ሆነች፤ ኋላም የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተተከለባት።

ተረት ነው ትሉኝ ይሆናል። ተረትስ ነው። ነገር ግን ወደዚህ አገር የልማት ዕቅድ ይዞ የሚመጣ ባለሥልጣን ሁሉ አስቀድሞ ሊሰማው የሚገባው ይኼንኑ ነው። የአገሬው ሰው ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ ሲጠየቅ የሚጠራው የተበደለች ነፍሰ ጡር ነው።

አሁን መንገዱን እንያዝ። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ሐይቅ ከተማ ትገባላችሁ፤ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ናት። ሎጎ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለኩት ተመራማሪዎች ጥልቀቱን 88 ሜትር ብለውታል። የሚገባበት እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ከእሱ ከፍ ብሎ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ። ወደ ሰሜን ስትቀጥሉ ደግሞ አምባሰል ወረዳ ይቀበላችኋል፤ መቀመጫው ውጫሌ ነው።

ያለውን ብዘረዝረው ይመሻል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በደሴቲቱ ላይ ጉባኤ ዘርግተው ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ተምረዋል። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በነገሥታቱ ዘንድ ትልቅ ስፍራ ነበረው። የአባ ኢየሱስ ሞዐ የብራና ወንጌል በአገራችን የተጻፈበት ዘመን ከታወቀ መጻሕፍት ሁሉ ከቀደምቶቹ ይቆጠራል። አምባሰል ላይ ግሸን ደብረ ከርቤ አለች፤ መስከረም 21 ምእመኑ ከአራቱም ማዕዘን ይተምባታል። ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ አለ፤ ምኒልክና የጣልያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተዋዋሉበት ቦታ ነው፤ የዚያም ውል ነገር ሄዶ ሄዶ ዓድዋ ላይ ተቋጨ። እቴጌ መነን የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ቅኝቱ! ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ የአምባሰልን ተራራ ስም ይዞ ይዞራል፤ ማሲንቆ ባለበት ሁሉ አምባሰል አለ።

ታዲያ ይኼ ሁሉ እያለ እንግዳው ለምን አያድርም?

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1950ዎቹ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅትን አቋቁመው «የ13 ወር ጸጋ» ብለው ኢትዮጵያን ለዓለም አስተዋወቁ። ብልህ ሰው ነበሩ። አስፋልት ባልተዳረሰበት አገር እንግዳን በአውሮፕላን ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም ማድረስ ያን ጊዜ የተሻለው ዘዴ ነበር። ዕጣው ግን ለሎጎ ሐይቅ አልወጣም። ሐይቅ የአውቶቡስ አገር ሆና ቀረች። መንገደኛው ይወርዳል፣ አሳ ጥብሱን ይበላል፣ ቡናውን ፉት ይላል፣ «ተሳፈሩ!» ሲባል ይሮጣል።

ያ አሳ ራሱ ታሪክ አለው። ቆረሶ የሚባለው ይኸው አሳ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ያለ ሪባን ቆረጣ የመጣ ነገር ስንት ቤት እንዳበላ ተመልከቱ! አስጋሪው፣ ቆራጩ፣ ጠባሹ፣ ሻጩ ከእሱ ኖሯል። ዕዳም አለው። ቀድሞ ጥርት ያለው ውኃ ከዚያ ወዲህ ጥራቱ እጅግ መቀነሱን አጥኚዎች ጽፈዋል።

ደርግን ልለፈውና ከዚያ ወዲህ ወደመጣው የብድር ነገር ልሂድ። በ1990 ዓ.ም. መንግሥት የመጀመሪያውን የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ አወጣ። በ2003 አሻሻለው። በ2009 ደግሞ ለወጣቶች የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ታወጀ። ወጣቱ «ተደራጅ» ተባለ፤ ተደራጀ። አብቁተም፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በቡድን ዋስትና አበደረ። ክፋት አልነበረውም። ችግሩ ያለው ገበያው ላይ ነው። እንግዳው በማያድርበት ከተማ አምስት ጓደኛሞች ተበድረው ካፌ ቢከፍቱ፣ ጎረቤታቸው ከነበረው ካፌ ደንበኛ ከመሻማት በቀር ምን ይተርፋቸዋል? ብድሩ ብቻውን ሥራ አይፈጥርም፤ ሥራ የሚፈጥረው ገንዘቡን ይዞ የሚመጣው ሰው ነው።

እንግዲህ በ2012 የአገር በቀል የኢኮኖሚ ማሻሻያው ቱሪዝምን ከአምስቱ ዋና ዘርፎች አንዱ አደረገው። «ገበታ ለሀገር» የተባለው የቱሪስት መዳረሻዎች ልማት ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ያዘ። ቀጥሎ የመጣው «ገበታ ለትውልድ» ሎጎ ሐይቅን ከመዳረሻዎቹ ውስጥ አስገባ። በመጨረሻ ተራው ደረሰ! እኔ ሎጅ አልጠላም። ውኃ ዳር ያማረ ማደሪያ መኖሩ ደግ ነው፤ የሚያድር ሰው ስለሚያመጣ። ያደረ ሰው ራት ይበላል፣ ቁርስ ይበላል፣ በማግሥቱ ጀልባ ይከራያል፣ አስጎብኚ ይይዛል፣ ለቤቱ ጋቢ ይገዛል።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ከሎጁ አጥር ውስጥ ነው የሚገዛው ወይስ ከውጭ? አሳው ከአስጋሪዎቹ ማኅበር ይገዛል ወይ? ጀልባው የማነው?

አንድ ነገር ልጨምር፣ በስብሰባ ሲነሳ ሰምቼ የማላውቀውን። እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱም ይከበር። ባልና ሚስት አብረው ሲመጡ ግን ሚስት ዳርቻው ላይ ትቀራለች። ለእሷ ምን አዘጋጅተናል? ከጎብኚው ግማሹ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚጠብቅበት ዕቅድ፣ ግማሹን ገቢ ጥሎ የተነሳ ዕቅድ ነው። ዳርቻው ላይ የብራናውን ታሪክ በምስል የሚያሳይ አንድ ክፍል፣ የሽመና ሥራ የሚታይበት አንድ ዳስ፣ ቅዳሜ ማታ አምባሰልን በቅኝቱ የሚጫወት አንድ ማሲንቆ ከሎጅ ጋር ሲተያይ ወጪው ምንም ነው።

ደግሞስ ደሴት የነበረችው የእስጢፋኖስ ምድር ዛሬ በእግር ይገባባታል፤ ውኃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ተያይዛለች። ይኼ ለማንም ዕቅድ አውጪ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ሐይቁን የሚያኖሩት ዙሪያው ያሉት ተራሮች ናቸው። አፈሩ ታጥቦ ከወረደ ውኃው ይደፈርሳል፣ ሐይቁም በደለል ይሞላል። እናም የሎጎ ሐይቅ የቱሪዝም በጀት የመጀመሪያው መስመር እርከንና ችግኝ ሊሆን ይገባል። ያለዚያ ሎጁ ጭቃ ሲመለከት ይኖራል።

ሰላም የሚባለውን ደግሞ ልዝለለው ብል አይዘለልም። ጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅንም ደሴንም አዳረሰ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ደሴ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰች፤ ሰውም የተሰበረውን ጠግኖ ሱቁን ከፈተ። ሐምሌ 2015 ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀረው እንግዳ ነው፤ መጀመሪያ የሚራበውም በእንግዳ የሚኖረው። የወሎ ሰው «አብሽር» ይላል፤ ያጽናናል። የብድር ቀን ግን በአብሽር አይራዘምም።

እናንት ዕቅድ የምታወጡ ሰዎች ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። የአስጋሪዎቹ የጀልባ ማረፊያ በካርታው ላይ ተከልሎ ይጻፍላቸው። ሎጁ አሳውን፣ እንቁላሉንና አትክልቱን ከአካባቢው እንዲገዛ በውሉ ይግባ። ብድሩም ቤቷ ውስጥ ሁለት ንጹሕ ክፍል አዘጋጅታ እንግዳ ማሳደር ለምትችል እናት ይድረስ። ሐይቅ ያደረውን እንግዳ በማግሥቱ ይስማ ንጉሥ የሚያደርስ መኪና ይመደብ። የሚቀጥለው የዕቅዱ ስብሰባም ከደሴ አዳራሽ ወጥቶ ሐይቅ ከተማ ላይ ይደረግ፤ አስጋሪዎቹና መንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ውሉ ሳይፈረም ይናገሩ።