በአማካሪ የሚመራ የቅድመ ምረቃ ምርምርና የሥነ ምድር ሙያ

በአማካሪ የሚመራ የቅድመ ምረቃ ምርምር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ልምድ ካለው ተመራማሪ ጋር ሆኖ አንድን ጥያቄ መረጃ ከመሰብሰብ ጀምሮ ውጤቱን በጉባኤ እስከማቅረብ ድረስ የሚከታተልበት የትምህርት ዘዴ ነው። ከላቦራቶሪ መልመጃ ይለያል፤ የመልመጃውን መልስ መምህሩ አስቀድሞ ያውቀዋል፣ የምርምሩን ግን አማካሪውም ገና አያውቀውም። በአሜሪካ ዘዴው ወደ ጂኦሎጂ፣ ጂኦፊዚክስ፣ የከባቢ አየርና የውቅያኖስ ሳይንስ ሙያዎች ከሚያስገቡት ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ሆኗል።

ለሥነ ምድር ይህን ያህል ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ብዙ አሜሪካውያን ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሱት ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ተምረው፣ የምድር ሳይንስን ግን ሳይነኩት ነው። ከትምህርቱ ጋር የሚተዋወቁት ኮሌጅ ከገቡ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ለማሟያ ብለው በወሰዱት የመግቢያ ኮርስ ነው። ስለ ሐኪምና ስለ መሐንዲስ ሥራ እቤቱ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ የከርሰ ምድር ውሃ የሚያጠና ባለሙያ ምን እንደሚሠራና ማን እንደሚቀጥረው የሚነግረው ሰው አያገኝም። ይህን ክፍተት ከማንም በላይ የሚሞላው አማካሪው ነው።

ዘዴው ተቋማዊ መልክ የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ማርጋሬት ማክቪካር በ1969 በኤም.አይ.ቲ. የቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ምርምር ፕሮግራም መሠረቱ። በ1987 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በአጭሩ አር.ኢ.ዩ. የሚባለውን፣ ለተማሪ አበል የሚከፍል ፕሮግራም ጀመረ። በዚያው ዓመት የኬክ የጂኦሎጂ ኅብረት በኬክ ፋውንዴሽን ገንዘብ ተቋቋመ።

ከእነዚህ ውስጥ ለሥነ ምድር አብነት የሚሆነው የኬክ ኅብረት ነው። አባላቱ እንደ ዊሊያምስ፣ ካርልተንና ፖሞና ያሉ፣ አብዛኞቹ የዶክትሬት ትምህርት የማይሰጡ ትናንሽ ኮሌጆች ናቸው። ከተለያዩ ኮሌጆች የመጡ ተማሪዎች በሰኔና በነሐሴ መካከል ባለው የእረፍት ጊዜ ከመምህራን ጋር ሜዳ ይወጣሉ። የቡድኑ ርዕስ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ጥያቄ ይመርጣል። ከዚያ ናሙናውን ይዞ ወደ ኮሌጁ ይመለስና ዓመቱን በሙሉ ከሌላ አማካሪ ጋር ይሠራበታል፤ በመጨረሻም ውጤቱን በጉባኤ ላይ ያቀርባል፣ አጭር ጽሑፍም ያሳትማል። የዚህ አሠራር ጥንካሬ ጊዜ መስጠቱ ነው። በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ ፕሮጀክት ተማሪውን መሣሪያ መጠቀም ቢያስተምረውም፣ ያልተሳካ መለኪያ ጥሎ እንደገና ለመጀመር ፋታ አይሰጠውም።

አማካሪ አጠገብ መኖሩ ምን እንደሚለውጥ፣ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስስ የድንጋይ ቁራጭ (ቲን ሴክሽን) ሲዘጋጅ በግልጽ ይታያል። ከሜዳ የመጣው ድንጋይ በመጋዝ ይቆረጣል፣ መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ድረስም ይሞረዳል። በዚህ ውፍረት ኳርትዝ በተሻገሩ የብርሃን ማጣሪያዎች (ፖላራይዘሮች) መካከል ሲታይ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ መሆን አለበት። ቢጫ ከታየ ድንጋዩ ገና ወፍራም ነው፤ ከልክ በላይ ከተሞረደ ደግሞ ናሙናው ከመስታወቱ ላይ ተጠርጎ ይጠፋል። የመማሪያ መጽሐፍም ይህንኑ ይላል። የት ላይ ማቆም እንዳለበት ግን ጀማሪው የሚማረው በማይክሮስኮፑ ተራ በተራ እያዩ ቢጫዋን ቅንጣት ከሚያሳየው ሰው ነው።

በኮሎራዶ ግዛት ቦልደር ከተማ በ1996 የተጀመረው ሶርስ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ አማካሪነትን ለብዙ ሰው አከፋፈለው። ለከባቢ አየር ሳይንስ ተማሪው ለምርምሩ አንድ፣ ለጽሑፉ ሌላ አማካሪ ይመደብለታል፤ በኑሮው የሚያግዘውም ሰው አለው። አንድ ተማሪ እስከ አራት ዓመት በየእረፍቱ ተመልሶ መምጣት መቻሉም ከሌሎች ለየት አድርጎታል። ፕሮግራሙ በ2001 በአማካሪነት የላቀ ሥራ ለሚሠሩ የሚሰጠውን የፕሬዚዳንቱን ሽልማት አግኝቷል። ዓላማው በሙያው ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ማኅበረሰቦች በር መክፈት ነበር፤ ችግሩ ግን ከባድ ነው። በ2018 ኔቸር ጂኦሳይንስ ላይ የወጣ ጽሑፍ፣ በአሜሪካ የሥነ ምድር ዶክትሬት በሚያገኙ ሰዎች የዘርና የብሔር ስብጥር ረገድ በ40 ዓመት ውስጥ እድገት እንዳልታየ አሳይቷል።

ዘዴው የሚያመጣውን ለውጥ ማጋነን አይገባም። የግሪኔል ኮሌጁ ዴቪድ ሎፓቶ በ2004 ባሳተሙት፣ በ41 ተቋማት የተለያዩ ሳይንሶችን የሚማሩ 1,135 ተማሪዎችን ባካተተ ጥናት፣ አብዛኞቹ ወደ ድኅረ ምረቃ የመቀጠል ሐሳብ አስቀድሞ ነበራቸው፤ ምርምሩም ያንኑ አጸናላቸው። አዲስ ሐሳብ ያደረባቸው ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሙያውን ፈጽሞ ላልሰማ ተማሪ እንዲጠቅም ከተፈለገ፣ ምልመላው ገና በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት መጀመር አለበት።

አበሉም ተጨማሪ ጉዳይ ተደርጎ መታየት የለበትም። በእረፍት ወራት ሠርቶ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚያዋጣ ተማሪ ያለ ክፍያ ሜዳ መውጣት አይችልም። ከአበሉ ቀጥሎ ተማሪው የሚያተርፈው ነገር የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ነው። ክፍል ውስጥ ብቻ የሚያውቀው መምህር ስለ ውጤቱ ይጽፍለታል፤ አብሮት ሜዳ የወጣው ግን ዝናብ በዘነበበት ቀን እንዴት እንደሠራ መጻፍ ይችላል። የማስተርስ ፕሮግራሞች፣ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋምና የአካባቢ አማካሪ ድርጅቶች የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ምስክርነት ነው።

አበሉ ግን ለሁሉም ክፍት አይደለም፤ በአር.ኢ.ዩ. ገንዘብ ለመታቀፍ የአሜሪካ ዜግነት ወይም የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ማመልከት ሲችል፣ በተማሪ ቪዛ የገባው ግን የዩኒቨርሲቲውን የራሱን የምርምር ገንዘብ ወይም ክፍያውን ከሌላ ምንጭ ሊሸፍንለት የሚችል አማካሪ መፈለግ ይኖርበታል።